«ዕጢ ከሌለባት ደረቷ ለምን ይከፈታል?» ስለ ማያስቴኒያ ግራቪስና ስለ ታይመስ ቀዶ ሕክምና የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «እህቴ የ26 ዓመት ወጣት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት የግራ ዓይኗ ቆብ ወደ ታች መውረድ ጀመረ፤ ቀጥሎም ነገሮች ሁለት ሁለት ሆነው ይታይዋት ጀመር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ማታ ማታ አንደበቷ ይተሳሰራል፣ እንጀራ እያኘከች መንጋጋዋ ይዝላል፣ ሹሩባ ለመሥራት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ማቆየት አትችልም። ሐኪሞቹ ማያስቴኒያ ግራቪስ ነው አሉን፤ የአሴቲልኮሊን ተቀባይ አንቲቦዲ ምርመራውም ፖዘቲቭ ሆኗል። በቀን አራት ጊዜ ፒሪዶስቲግሚን 60 ሚሊግራም፣ ከዚያም ጋር ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች። አሁን ደግሞ ታይመስ የሚባል ዕጢ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ተባልን። ሲቲ ስካኑ ግን ዕጢ የለም ይላል። እናታችን ‹ዕጢ ከሌለባት የልጄ ደረት ለምን ይቀደዳል?› እያሉ ያለቅሳሉ። ቀዶ ሕክምናው ያድናታል? መድኃኒት ታቆማለች? ወደፊት መውለድስ ትችላለች? አሜሪካ ያለው አጎታችን ወጪውን እችላለሁና ህንድ ውሰዷት ብሏል። እንሂድ ወይስ እዚሁ ትታከም?»

ምላሽ፦ የእናትዎ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ግራ መጋባቱን የፈጠረው አንድ የአማርኛ ቃል ነው። «ዕጢ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው ማንኛውም ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው፣ የራሱ ሥራ ያለው የሰውነት ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ከጊዜ በኋላ የሚበቅል እባጭ ነው። የሲቲ ስካኑ ውጤት «ዕጢ የለም» ያለው በሁለተኛው ትርጉም ነው፤ ይኸውም ታይመሱ ላይ ታይሞማ የተባለው እባጭ አልታየም ማለት ነው። ሐኪሙ «ዕጢው ይውጣ» ያሉት ግን በመጀመሪያው ትርጉም ስለሆነ ሁለቱ አባባሎች አይጋጩም። ካንሰር ተደብቆብናል የሚል ጥርጣሬ ቤት ውስጥ ገብቶ ከሆነ ከዚህ ውጤት ተነሥቶ እንዲህ ማለት አይቻልም። ሌላም የስም መመሳሰል አለ፤ ታይመስ ታይሮይድ አይደለም። ታይሮይድ አንገት ላይ ያለው፣ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ነው። ታይመስ ከደረት መሐል አጥንት ጀርባ፣ ከልብ ፊት ለፊት የተኛ ለስላሳ ዕጢ ሲሆን በልጅነት ትልቅ ሆኖ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ በአብዛኛው በስብ ይተካል። የታይሮይድ ሕመም ከማያስቴኒያ ጋር አብሮ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ የታይሮይድ የደም ምርመራ ካልተደረገላት ይደረግላት፤ ያ ግን ከዚህ ቀዶ ሕክምና ጋር የሚገናኝ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። ነርቭ ጡንቻን የሚያዘው አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር በመልቀቅ ሲሆን ጡንቻው ላይ ይህን ትእዛዝ የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ። የሰውነት መከላከያ ከጀርም ጋር እንዲዋጋ የሚያመርተው አንቲቦዲ በእህትዎ ደም ውስጥ እነዚህን ተቀባዮች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያግዳቸዋል፣ ያፈርሳቸዋልም። ጡንቻው በተደጋጋሚ ሲሠራ የሚለቀቀው አሴቲልኮሊን በተፈጥሮው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጤነኛ ሰው ትርፍ ተቀባይ ስላለው አይታወቀውም፣ እሷ ግን ትርፉን ስለተነጠቀች ጠዋት ደህና ውላ ማታ ትዝላለች፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ደህና አኝካ አሥረኛው ላይ መንጋጋዋ እምቢ ይላታል። ስንፍና፣ ጭንቀት ወይም የዓይን ጥላ አይደለም፤ ይህን ለሚጠራጠር ዘመድ የደም ምርመራው በቂ መልስ ነው። የምትወስደው ፒሪዶስቲግሚን አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ስለሚያደርግ ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ጉልበት ይሰጣታል፤ ይህም የሚቆየው ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ነው። በሽታው ራሱ ላይ ግን ምንም አያደርግም። ፕሬድኒሶሎን መከላከያውን ያረግባል፤ በመላ ሰውነት ላይ ስለሚሠራ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት፣ በአገራችን ሁኔታ ደግሞ ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ መቀስቀስ ያስከትላል። ለዓመታት በከፍተኛ መጠን ልትወስደው የማይገባ መድኃኒት ነው፤ የቀዶ ሕክምናው ነገር የሚነሣውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ታይመስ ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት የራሳቸውን ሰውነት ከባዕድ ለይተው የሚያውቁበት ቦታ ነው። በዚሁ ዕጢ ውስጥ የጡንቻን ተቀባይ በላያቸው የተሸከሙ፣ ጡንቻ መሳይ ሕዋሳት ይገኛሉ። በወጣትነት በሚጀምረው ማያስቴኒያ የተሳሳተው ጥቃት የሚጠነሰሰው እዚህ እንደሆነና አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሕዋሳትም ዕጢው ውስጥ ሰፍረው እንደሚገኙ ብዙ ማስረጃ አለ። ይህ አንቲቦዲ ካለባቸው ታካሚዎች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት ላይ ታይሞማ ይገኛል፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ላይ ደግሞ ታይመሱ እባጭ ሳይኖረው ሕዋሳቱ ከልክ በላይ በዝተው ይገኛሉ። ይህ ሁለተኛው ለውጥ ብዙ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ካልሆነ በሲቲ ስካን አይታይም። ስለዚህ «ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው» ማለት «ታይመሱ በበሽታው ውስጥ የለበትም» ማለት አይደለም።

እባጭ የሌለበትን ዕጢ ማውጣት የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1911 ዙሪክ ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ፈርዲናንድ ዛወርብሩኽ የታይሮይድ ችግርና ማያስቴኒያ አብረው የነበሩባትን አንዲት ወጣት ታይመስ አወጣላት፤ ድካሟም ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም አልፍሬድ ብሌሎክ የ19 ዓመት ወጣት ከሆነች ታካሚ ታይመስ ላይ የነበረ እባጭ አወጣ፤ እሷም ተሻላት። ብሌሎክ በዚህ ብቻ አላበቃም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሆኖ እባጭ የሌለባቸውን ታካሚዎች ታይመስ ማውጣት ጀመረ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ተሻላቸው። የእናትዎ ጥያቄ ለሰባ ዓመት ያህል የሐኪሞችም ጥያቄ ሆኖ የቆየው ከዚህ በኋላ ነው። በሽታው በራሱ ጊዜ ይብሳል፣ በራሱ ጊዜ ይሻላል፤ ለቀዶ ሕክምና የሚመረጡት ደግሞ በአብዛኛው ወጣቶችና ደህና አቅም ያላቸው ነበሩ፤ የሚመጣው ለውጥም ወራትና ዓመታት ይወስዳል። እንዲህ በሆነበት ሁኔታ ማንም ቀዶ ሐኪም የራሱን ታካሚዎች እያየ «እኔ ነኝ ያሻልኳቸው» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይችልም ነበር።

ክርክሩን ያቃለለው እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት ነው። እድሜያቸው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ እህትዎ ያለባት አንቲቦዲ የተገኘባቸው፣ ታይሞማ የሌለባቸውና በሽታው ከጀመራቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆናቸው 126 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ፕሬድኒሶን (የፕሬድኒሶሎን የቅርብ ዘመድ የሆነ መድኃኒት) ብቻ፣ ግማሾቹ ፕሬድኒሶንና ቀዶ ሕክምና አብረው ተሰጣቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ የድካም መጠን በሚለካበት ነጥብ (ዝቅ ማለቱ ጥሩ ነው) የቀዶ ሕክምናዎቹ አማካይ 6.15፣ የመድኃኒት ብቻዎቹ 8.99 ሆነ። የቀዶ ሕክምናዎቹ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ የሚወስዱት ፕሬድኒሶን በአማካይ 44 ሚሊግራም ሲሆን የሌሎቹ 60 ሚሊግራም ነበር። በሽታው ብሶባቸው ሆስፒታል የተኙት ከቀዶ ሕክምናዎቹ 9 በመቶ፣ ከሌሎቹ ግን 37 በመቶ ናቸው። ከታካሚዎቹ ከፊሎቹ እስከ አምስት ዓመት ሲታዩም ልዩነቱ እንደጸና ቆይቷል። ጠያቂው ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው እነዚህ ሰዎች በሙሉ ሲቲ ስካናቸው እንደ እህትዎ «ዕጢ የለም» ያለላቸው መሆናቸውን ነው። ጥናቱ የተሠራው በትክክል የእሷን ዓይነት ታካሚ በሚመለከት ነው።

ይህ ማለት ግን ማያስቴኒያ ያለበት ሁሉ ታይመሱ ይውጣ ማለት አይደለም፤ ይህን ምላሽ የሚያነቡ ሌሎች ታካሚዎች እንዳይሳሳቱ ላስረዳ። ታይሞማ የታየበት ሰው ማያስቴኒያው ቀላል ቢሆን እንኳ እባጩ መውጣት አለበት፤ ምክንያቱም እባጩ ራሱ ወደ ጎረቤት አካላት ሊዘልቅ ይችላል። መስክ (MuSK) የተባለው ሌላው አንቲቦዲ የተገኘባቸው ታካሚዎች በዚህ ቀዶ ሕክምና መጠቀማቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሌለ አልመክርላቸውም። ድካሙ ከዓይን ያላለፈ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ይጀመራል። በሽታው በስተርጅና፣ ከ60 ዓመት በኋላ የጀመራቸው ሰዎች ደግሞ ታይመሳቸው አስቀድሞ ስለሟሸሸ ጥቅሙ አጠራጣሪ ሲሆን የቀዶ ሕክምናው አደጋ ግን ይጨምራል። የአንቲቦዲው ዓይነት ሳይታወቅ ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ እህትዎ ምርመራውን መሥራቷ ግማሹን መንገድ አስኪዷታል።

«ያድናታል ወይ?» ለሚለው የምሰጠው መልስ እናትዎን እንዳያስከፋ እፈራለሁ፤ ሆኖም ተስፋን አጋንኖ መንገር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ቤተሰብን ይጎዳል። በደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ዕጢው በወጣ ማግሥት አይጠፋም፤ አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሕዋሳት ከዓመታት በፊት ከታይመስ ወጥተው በሰውነት ተሠራጭተዋል። ለውጡ የሚታየው ከወራት በኋላ ሲሆን እስከ ሁለትና ሦስት ዓመት እየጨመረ ሊሄድ ይችላል። አንዳንዶች መድኃኒት ሙሉ በሙሉ አቁመው ይኖራሉ፤ ብዙዎች በአነስተኛ መድኃኒት ደህና ይሆናሉ፤ ምንም ለውጥ የማያዩም አሉ፤ አስቀድሞ ማን የትኛው እንደሚሆን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጣ መድኃኒቷን ይዛ ነው የምትወጣው። ፕሬድኒሶሎን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት አደገኛ ስለሆነ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ፣ በወራት ነው። ጸበል የሚሄዱ ከሆነም መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ፤ በሁለቱ መካከል መምረጥ የለባትም። ለሳምንታት ያለ መድኃኒት ቆይተው ትንፋሻቸው አጥሮ በሸክም ወደ ድንገተኛ ክፍል የገቡ ታካሚዎችን ስላየሁ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። በጾም ወቅትም የመድኃኒት ሰዓት አይዘለል፤ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር።

የቀዶ ሕክምናው አደጋ ምንድን ነው? ልምድ ባላቸው ማዕከላት፣ በሚገባ ተዘጋጅቶ ለገባ ታካሚ የሞት አደጋው ከአንድ በመቶ በታች ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት የመተንፈሻ ጡንቻዎች ዝለው የመተንፈሻ መሣሪያ መፈለጉ ነው። በሁለቱም ጎን፣ ከታይመሱ አጠገብ ወደ ድያፍራም (ደረትንና ሆድን ወደሚለየው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚወርዱ ነርቮች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ቢጎዳ ለጤነኛ ሰው ቀላል የሚሆነው ጉዳት ለማያስቴኒያ ታካሚ ከባድ ነው። ደም መፍሰስና ቁስል መመርቀዝም አሉ፤ የኋለኛው ፕሬድኒሶሎን በብዛት በሚወስዱት ላይ ይበረታል። «ለአዋቂ ሰው ታይመስ ምንም አይሠራም» የሚለውን አባባል ደግሞ ሐኪሞችም እንደ ቀላል እንናገረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የወጣ ጥናት ግን የደረት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው አዋቂዎች መካከል ታይመሳቸው የወጣው ካልወጣላቸው ይልቅ በቀጣዮቹ ዓመታት በሞትም በካንሰርም ብዛት በልጠው እንደተገኙ አሳይቷል። ጥናቱ በዕጣ የተከፋፈሉ ታካሚዎችን ስላልያዘ ምክንያቱ የታይመሱ መውጣት ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ጤነኛ ታይመስ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይነካ ግን ያስጠነቅቃል። በእህትዎ ላይ ምክንያቱ በቂ ነው፤ በሌላኛው ሚዛን ላይ ያለው ለረጅም ዓመታት የሚወሰድ ከፍተኛ ፕሬድኒሶሎንና ትንፋሽ የሚያሳጥር የበሽታ መባባስ ነውና።

ስለ አሠራሩ ዘዴ ቤተሰቦች አብዝተው የሚጠይቁት የቁስሉን መጠን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ እንዲጠየቅ የምፈልገው «ሙሉ በሙሉ ይወጣል ወይ?» የሚለው ነው። የታይመስ ቁርጥራጭ ከአንገት ግርጌ ጀምሮ እስከ ድያፍራም ድረስ ባለው ስብ ውስጥ ተበታትኖ ስለሚገኝ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት አይበቃም፤ በሁለቱ የድያፍራም ነርቮች መካከል ያለው ስብ ሁሉ አብሮ መጠረግ አለበት። ከላይ የጠቀስኩት የ2016ቱ ጥናት የተሠራው የደረትን መሐል አጥንት ከላይ እስከ ታች በመክፈት ነው። በካሜራና በሮቦት የሚሠራው አዲሱ መንገድ በጎድን አጥንቶች መካከል በትናንሽ ቀዳዳዎች ስለሚገባ ሕመሙ ያነሰ፣ የሆስፒታል ቆይታውም ያጠረ ነው፤ እስካሁን በተከታተሉት ሐኪሞች እጅ ውጤቱም ተቀራራቢ ሆኖ ታይቷል። ነገር ግን በካሜራ መቶ ጊዜ የሠራና አምስት ጊዜ የሠራ ሐኪም እኩል አይደሉም። በካሜራ ከሚለማመድ እጅ ይልቅ ደረት ከፍቶ ሙሉ በሙሉ ማውጣትን የለመደ እጅ ይሻላል። ደረቱ በሚከፈትበት መንገድ የተለያየው አጥንት በሽቦ ይታሰራል፤ እስኪጋጠም ከሁለት እስከ ሦስት ወር ጀሪካን አታነሣም፣ ልጅ አታዝልም፣ ከአልጋ ስትነሣም በእጇ አትደገፍም። እህትዎ ከዚህ በፊት የነበራት ቁስል ኬሎይድ ሆኖ የሚያብጥ ከሆነ፣ ደረት መሐል ደግሞ ኬሎይድ የሚወድደው ቦታ ስለሆነ፣ አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። የወጣት ሴት ስለ ጠባሳዋ መጨነቅ እንደ ከንቱ ነገር መታየት የለበትም።

ጊዜውን በተመለከተ ሁለት ነገሮች መመዛዘን አለባቸው። በአንድ በኩል በሽታው በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል፤ እሷ ሁለት ዓመቷ ስለሆነ ጊዜው አላለፈም፤ ሌላ ሦስት ዓመት «እስቲ እንየው» እየተባለ ግን መጠበቅ የለበትም። በሌላ በኩል ይህ ቀዶ ሕክምና ድንገተኛ አይደለም፤ ድካሙ በበረታ ሳምንት አይሠራም። ከጻፉልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ የማኘክና የመናገር ችግር አሁንም መኖሩ ነው። የመዋጥና የመተንፈስ ጡንቻዎች ጎረቤታሞች ናቸውና በዚህ ሁኔታ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት የለባትም። በመጀመሪያ መድኃኒቷ ይስተካከል፤ ያ ካልበቃ ከቀዶ ሕክምናው ቀደም ብሎ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ አንቲቦዲ) ወይም የፕላዝማ ልውውጥ (ጎጂው አንቲቦዲ ያለበትን የደም ፈሳሽ አውጥቶ መተካት) ይደረግላት። ሁለቱም ውድ ናቸው፤ የአጎትዎ ገንዘብ በደንብ የሚሠራው ምናልባት እዚህ ላይ ነው። የሳንባዋ አቅምም ይለካ፤ የነቀርሳ ምርመራ፣ የስኳርና የደም ግፊት ክትትልም ይደረግ። የሰመመን ሐኪሙ በሽታዋን ከቀናት በፊት ማወቅ አለበት፤ ለሰመመን የሚሰጡ ጡንቻ የሚያላሉ መድኃኒቶች በማያስቴኒያ ታካሚ ላይ እንደ ሌላው ሰው ስለማይሠሩ ወይ መተው ወይ በጥንቃቄ ተመጥነው መሰጠት አለባቸው።

አሁን የምጽፈው ቤተሰቡ ወረቀት ላይ ገልብጦ እህትዎ ቦርሳ ውስጥ እንዲያኖረው የምለምነው ነው፤ በብዙ ፋርማሲና ጤና ጣቢያ በየቀኑ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ይህን በሽታ በሰዓታት ውስጥ ሊያባብሱ ይችላሉ። ከእነሱ መካከል የጄንታማይሲን መርፌ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ኩዊኒንና ክሎሮኩዊን (ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» ስለምንል እንዳይምታታ፣ የምለው የወባውን መድኃኒት ነው)፣ ለደም ግፊትና ለልብ ምት የሚሰጡት እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዚየምም ይገኙበታል። ኢንፌክሽን ሲይዛት ሳትታከም ትቅር ማለቴ አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ ራሱ በሽታውን ያባብሳልና። ሐኪሙ ሌላ አማራጭ እንዲመርጥላት በሽታዋን አስቀድማ ትናገር፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም ከፋርማሲ ፀረ ተሕዋስያን ገዝታ አትዋጥ። ፒሪዶስቲግሚንም በራሷ አትጨምር፤ ከመጠን ሲያልፍ ምራቅ ማብዛት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ራሱ የጡንቻ መዛልን ያመጣል፤ ቤተሰብም በሽታው ባሰ ብሎ ሌላ እንክብል ይጨምርላታል።

መውለድ ትችላለች። ማያስቴኒያ መካን አያደርግም፤ የታይመስ መውጣትም ማኅፀንን አይነካም። የምመክረው ቀዶ ሕክምናው ከእርግዝና በፊት እንዲሆን ነው፤ ጥቅሙ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ካረገዘች በኋላ ቢሠራ ለዚያ እርግዝና አይደርስላትም። በማያስቴኒያ ምክንያት ማይኮፌኖሌት ወይም ሜቶትሬክሴት (መከላከያውን የሚያረግቡ ሌሎች መድኃኒቶች) የታዘዘላት ሴት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟ መድኃኒቱን መቀየር አለበት። ማኅፀን የተለየ የጡንቻ ዓይነት ስለሆነ ምጡ በራሱ ይሄዳል፤ በመጨረሻው ሰዓት የሚያምጡት ጡንቻዎች ግን ይዝላሉ፤ በዚያ ሰዓት እርዳታ ሊያስፈልጋት ስለሚችል በሆስፒታል ትውለድ። ከእናቱ በተሻገረው አንቲቦዲ ምክንያት ከአሥር ሕፃናት አንዱ ወይም ሁለቱ ሲወለዱ መጥባት ይደክማቸዋል፤ በሳምንታት ውስጥ የሚያልፍ ቢሆንም የሕፃናት ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። በእርግዝና ደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ በየሆስፒታሉ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ለእሷ አደገኛ ነው፤ ይህ በእርግዝና ክትትል ካርዷ ላይ በትልቁ ይጻፍ።

ወደ ህንድ ስለመሄድ። እዚህ አገር የነርቭ ሐኪም፣ የደረት ቀዶ ሐኪምና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በአንድ ግቢ የሚገኙባቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ አንዱ ነው። መጠየቅ ያለብዎት ሦስት ነገር ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ይህን ቀዶ ሕክምና ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደሠራ፣ ለእሷ የሚያዝ የመተንፈሻ መሣሪያ ያለው አልጋ በዕለቱ መኖሩ፣ የነርቭ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ አብሮ የሚከታተላት መሆኑ። ለሦስቱም ጥሩ መልስ ካገኙ እዚሁ ትታከም። ምክንያቴም ከቀዶ ሕክምናው ቀን ይልቅ ቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ይከብዳሉ የሚል ነው፤ መድኃኒቷን የሚቀንስላት፣ ሲብስባት የሚቀበላት ሐኪም ከመነሻው የሚያውቃት ቢሆን ይሻላል። ለአንዱ እንኳ መልስ ካጡ ወይም ቀጠሮው ከዓመት የሚዘልቅ ከሆነ መሄዱ ተገቢ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር አትርሱ፤ ህንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ይህ ክትባት ግን ሕያው (የተዳከመ እንጂ ያልሞተ ቫይረስ የያዘ) ስለሆነ ማያስቴኒያ ያለበት፣ ታይመሱ የታመመ ወይም በዚህ ምክንያት የወጣለት ሰው መውሰድ የለበትም፤ ፕሬድኒሶሎን በብዛት መውሰዷም ሌላ ክልከላ ነው። ስለዚህ ክትባቱን እንዳትወስድ የሚያስረዳ የሐኪም ደብዳቤ አስቀድማችሁ አውጥታችሁ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከኤምባሲው ጋር ተነጋገሩ። ትንፋሿ ወይም መዋጧ ባልተስተካከለበት ሁኔታም አውሮፕላን አትሳፈር።

ያቀረቡት መረጃ ትክክል ከሆነ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ታይመሷ ይውጣ። በመጀመሪያ በሚቀጥሉት ሳምንታት የማኘክና የመናገር ችግሯ ይስተካከል፤ ከዚያም በሚቀጥሉት ጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጥሩ አቅም ላይ ሳለች፣ ሙሉ በሙሉ ማውጣትን በለመደ ቀዶ ሐኪም ይሠራ። የመጨረሻውን እሺታ ራሷ ትስጥ፤ የ26 ዓመት ሴት ናት፣ ደረቱም የእሷ ነው፤ እናትዎም ከሐኪሙ ጋር በሚደረገው ንግግር ላይ ተገኝተው የልባቸውን ይጠይቁ። የወጣው ዕጢ ወደ ፓቶሎጂ ምርመራ መላኩን አረጋግጡ፤ ውጤቱንም በወረቀት ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ በሲቲ ስካን ያልታየ ትንሽ ታይሞማ የሚገኝበት ጊዜ አለና።

እስከዚያው ድረስ ቤት ውስጥ የምትከታተሉት አንድ ቀላል መለኪያ አለ። በረጅሙ ትተንፍስና በአንድ ትንፋሽ፣ በመደበኛ ፍጥነት፣ ጮክ ብላ ከአንድ ጀምራ ትቁጠር፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስንት እንደደረሰች ጻፉት። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን የሚያሽቆለቁል ወይም 20 ሳትደርስ የምትቋረጥ ከሆነ፣ ተጋድማ መተንፈስ ካቃታት፣ ውሃ በአፍንጫዋ ከተመለሰ ወይም የራሷን ምራቅ መዋጥ ከተሳናት ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዷት።